በሬዎች የለኩት ኮረብታ

ትናንት ሌሊት ባየሁት ሕልም እኔ መሬት ነበርኩ፤ መሬቱ ደግሞ ባለሙያ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሕልም የማምን ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ ነው። ጠዋት ጠዋት አጥር ላይ ተገናኝተው ሕልም ለሚፈቱት ጎረቤቶቼ የራሴን አውጥቼ አላውቅም፤ ሕልምም ሆነ ሌላ ነገር። ይህኛው ግን ሥራ ላይ ዋለ። ሥራ ላይ የዋለ ነገር ደግሞ መመዝገብ አለበት።

ከመተኛቴ በፊት የነበረውን በአጭሩ ልናገር። የምሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለ የተፋሰስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ተፋሰሱን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቁራሽ አድርገን ከፍለነዋል። እያንዳንዱ ቁራሽ ቁጥር አለው፤ ስፋቱ፣ ተዳፋቱ፣ የአፈሩ ጥልቀት ተመዝግቧል። ኮምፒውተሩ ይህን ይዞ የትኛው ይታረስ፣ የትኛው ይጋጥ፣ የትኛው ደን ሆኖ ይቆይ የሚለውን ያሰላል። የምናዘው ሦስት ነገር ነው፦ ጎርፍ የሚወስደው አፈር ይነስ፣ ምንጮቹ አይድረቁ፣ መሬት ለሌላቸው አሥራ ስድስት ቤተሰቦች የሚታረስ ቦታ ይገኝ። ከስንት ሚሊዮን አደላደል መካከል ሦስቱንም በተሻለ የሚያሟላውን አንዱን ፈልጎ ያመጣል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ቁጥር ማንንም አያጽናናም፤ «እንዴት ሆንሽ?» ብሎም አይጠይቅም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ያመጣልኝ መልስ «ቁጥር አርባ አንድ ተመንጥሮ ይታረስ» የሚል ነበር።

ቁጥር አርባ አንድ መላጣው የሚባለው ኮረብታ ነው። ድሮ ገበሬዎች ያርሱት ነበር፤ አፈሩ ታጥቦ ሲያልቅ ተዉት። ባለቤቴ ይትባረክ የደን ባለሙያ ነበር። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ከቀበሌው ሰዎች ጋር ሆኖ ወይራና ጽድ፣ ኮሶና ብሳና ተከለበት። ኮረብታው ለበሰ፤ ስሙ ግን መላጣው እንደሆነ ቀረ። ይትባረክ እያደር ራሱ ሲመለጥ ሰዎቹ «ኮረብታው ጠጉሩን ከእርስዎ ወሰደ» ይሉት ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ኮምፒውተሩ ኮረብታውን የተመኘው ዛፎቹ አፈሩን ስላዳበሩት ነው። ያለ እነሱ ማንም አይመኘውም ነበር። አንዲት መስመር ጽፌ «አርባ አንድ አይነካ» ብል ይታዘዘኛል፤ ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን ለአዳዲስ ሠራተኞች «የምንወደውን ቁራሽ በእጃችን አንቆልፍም፤ ወዲያ ማዶ አሥራ ስድስት ቤተሰብ አለ» እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። ስለዚህ አልጻፍኩም። ዕቅዱ በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አለቃዬ አቶ ምትኩ ዘንድ መድረስ ነበረበት። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

ከዚያ ወደ ሥራ ልሄድ ከቤት ስወጣ መንገዱ የለም።

«መንገዱ የት ሄደ?» አልኳት ጎረቤቴን።

«ቀበሌ» አለችኝ፣ ልብስ እያሰጣች። «ሰዎቹ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነውብኛል፣ ይጠገኑልኝ ብሎ ማመልከቻ ሊያስገባ ነው።»

በሜዳው አቋርጬ ሄድኩ። ገበያው ቆሟል። ቲማቲሞቹ መደብ ላይ ቁጭ ብለው የሰዉን ጉንጭ ይዳብሳሉ። «ይሄኛው ገና ነው» አለ አንዱ ቲማቲም፣ አንድ ጎልማሳ ገፋ አድርጎ፤ «ሐሙስ ተመልሶ ይምጣ።» እኔንም ያዘኝና ጫን አለኝ። «ይቺ ጠንካራ ናት» አለ ለጓደኛው፤ «ከውስጥ ግን እንጃ።» በአጠገባችን አህዮች ባጃጅ ተሳፍረው አለፉ፤ ሾፌሩ በእግሩ ከፊት እየጎተተ «ቦታ አለ፣ ቦታ አለ!» ይላል።

ቢሮዬ ስደርስ ወንበሬ ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ተቀምጧል። ሥሮቹን ጠረጴዛው ሥር አጣጥፎ፣ መነጽር አድርጎ ካርታ ያያል። ካርታው የእኛው ካርታ ነው፤ በየቁራሹ ላይ የተጻፈው ግን የሰው ስም ነበር። አጠገቡ ጸሐፊው አንድ ቀጭን ብሳና ነው፤ ቅጠሉን እያላሰ ወረቀት ይገልጣል። ስሌቱን የሚሠሩት ጉንዳኖች ነበሩ። ካርታው ላይ በሺህ መንገድ ይመላለሳሉ፤ የማይረባውን መንገድ እየተዉ፣ የሚሻለውን እያደመቁ። አሠራራቸውን ወደድኩት።

«ደንበኛ ከሆንሽ ውጪ ጠብቂ» አለ ዝግባው ቀና ሳይል። «መሬት ከሆንሽ ወደ ግቢው ግቢ፤ መስመርሽን ይዘሽ ቁሚ።»

እኔ ሳልወስን ግቢው ውስጥ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ተቀብረን፣ በመስመር በመስመር ቆመናል። ማንም አልተገረመም። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘቢባ «እግሬን ቀዘቀዘኝ እንጂ ሌላው ደኅና ነው» አለችኝ።

መረጃ የሚሰበስበው ቁራ ነበር። በየሰዉ ራስ ላይ እያረፈ በአፉ ወጋ ያደርግና ጥልቀት ይናገራል። አቶ ምትኩ ላይ አረፈ።

«አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር!» ብሎ ጮኸ። «ከዚያ በታች አለት ነው።»

«ለግጦሽ» አለ ዝግባው በመስኮት።

ወዲያው ሦስት ፍየሎች መጡ። አንዷ ክራቫታቸውን ጀመረች፣ ሁለቱ ደግሞ እሳቸው በብብታቸው ይዘውት የነበረውን ፋይል።

«ኧረ እባካችሁ! መጀመሪያ ጥናት ይጠና!» አሉ አቶ ምትኩ።

«ተጠንቷል» አለች ፍየሏ እያኘከች። «ይኸው እየበላሁት ነው።»

ቁራው እትዬ ዘቢባ ላይ ሲደርስ አፉን አስገብቶ አስገብቶ ቆየ። ሲያወጣው ይንጠባጠባል። «ሁለት ሜትር አልፎም አላበቃም። ታች ውሃ አለ።»

«ምንጭ ናት፤ አትነካ» አለ ዝግባው። «ዙሪያዋ ይታጠር።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ገና ዛሬ ታወቀልኝ» አለች እትዬ ዘቢባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ።

ሙያዬ ስለሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። «ለመሆኑ የምታሰሉት ምን ለማግኘት ነው?» አልኩ።

«ስብሰባ ይነስ፣ ዝናብ ይብዛ፣ ጥላ ለሁሉም ይዳረስ» አለ ዝግባው።

«ገደቡስ?»

«ማንም ሰው በሕይወቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመነጠር።»

በደንብ የተቀመጠ ጥያቄ ነው ብዬ አሰብኩ። የጉንዳኖቹ አለቃ ግን ከካርታው ላይ ወርዶ መጣ። «ጌታዬ፣ መልስ አልተገኘም። አቶ ምትኩ እያሉ ስብሰባ አይቀንስም። ገደቦቹ ይጋጫሉ።»

«እሳቸውን ትተህ አስላ።»

«እንደዚያ ከሆነ አለቀ» አለ ጉንዳኑ።

በዚህ መሃል ወንዙ ሽቅብ መጣ። ደለሉን በጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ያለከልካል። «ሃያ ዓመት የወሰድኩትን አፈር ልመልስ ነው የመጣሁት። የት ላራግፈው?» አለ።

«ወረፋ ያዝ» አለው ብሳናው።

ወንዙ ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጠና «ይሄ የኔ ነው፤ መጣሁ» ብሎ ሄዶ ጥላ ሥር ተኛ።

«አርባ አንድ!» ሲባል ሰማሁ። ዞር ስል ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

ቁራው ራሴ ላይ አረፈ። እንደ ሌሎቹ አልወጋኝም፤ ቆም አለ። «ጥልቀቱን አልደርስበት አልኩ» አለ።

«ሽፋኑስ?» አለ ዝግባው።

«ዝግ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተከለለ።»

«ማን ከለለው?»

«ራሷ።»

«ጠባቂውስ?»

«ራሷው ናት ጌታዬ። ቀንም ሌትም።»

ብሳናው «ስፋት» ብሎ አንድ ደብተር ገለጠ። ደብተሩን አወቅኩት። ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ፣ ጥቁር ልባስ ያለው፣ ከይትባረክ ቦርሳ የማይለይ ደብተር ነው። የእጅ ጽሑፉንም አወቅኩት። ስምንት ቁጥርን ሲጽፍ ራሱን አይገጥመውም ነበር።

«ስምንት ይላል» አለ ብሳናው።

«ስምንት ምን?»

«ስምንት ብቻ።»

«እንግዲህ ሄክታር ይሆናላ!» ዝግባው ከወንበሬ ብድግ አለ፤ ጣሪያው ተንኳኳ። «ስምንት ሄክታር ሙሉ ሰው ተከልላ፣ ጦም አድራ ትቀመጣለች? እዚያ በር ላይ እነማን እንደቆሙ አላየሽም?»

በሩ ላይ አሥራ ስድስት አባወራ ጃርቶች ከነጓዛቸው ቆመዋል። ምንጣፍ ጠቅልለው፣ ድስት አንጠልጥለው፣ እሾኻቸውን አስተኝተው። አንደኛው ቆቡን አወለቀ። «እኛ ምንም አንልም እትዬ። ግማሽ ግማሽ ሄክታር ከደረሰን ይበቃናል። በደንብ ነው የምንይዝሽ። ድንች ብቻ ነው የምንተክልብሽ።»

ሚስቱ ከኋላ ጎሸም አደረገችው። «ስኳር ድንች በል!»

«ትታረስ!» አለ ዝግባው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ተቃውሞ ካለሽ መብት ነው። አንዲት መስመር ጻፊ። ‹አይነካ› በዪ። ጉንዳኖቹ ይታዘዛሉ፤ ማንም አይጠይቅሽም።» በአንዲት ቅርንጫፉ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ቀለል ያለ ነበር። ጃርቶቹ እግሬን ያያሉ። ከመካከላቸው ታናሽየዋ ጃርት የያዘችው ድስት ክዳን የለውም።

«አልጽፍም» ብዬ መለስኩለት።

በሕልምም ያው እኔው ነኝ ማለት ነው።

«እንግዲያው አራሾቹ ይምጡ» አለ ዝግባው።

አራሾቹ ቦራና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩ። ቦራ ጅራፍ ይዟል፤ ዳለቻ እርፉን ጨብጧል። ቀንበሩ ሥር ያሉት ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ዶክተሮች ናቸው። ኮታቸውን አላወለቁም።

«ና! ውጣ! ውጣ እንጂ!» ይላል ቦራ ጅራፉን እያስጮኸ። «ዳለቻ፣ ይሄ የግራው ዶክተር ፈር ይስታል።»

«ገና ተማሪ ነው፤ አትቆጣው» አለ ዳለቻ። «የቀኙ ይሻላል፣ ቶሎ ይደክመዋል እንጂ።»

እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ቦራ ወዲያው አላረሰም። ደኅና አራሽ ማሳ ሳይዞር አይጀምርም። አንድ ጊዜ ዞረኝ። ተመልሶ ዞረኝ። አንገቱን አዘንብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ትልቅና እርጥብ ነበር።

«ይህን ስምንት ሄክታር ያለው ማነው?»

«ሰነዱ ነው» አለ ብሳናው።

«ሰነዱ ቀንበር ተሸክሞ ያውቃል?»

ብሳናው ቅጠሉን አላሰ።

«እኔ መሬት የማውቀው በጫንቃዬ ነው» አለ ቦራ። «ጠዋት ገብተን፣ ፀሐይ ሲከር ተፈትተን፣ ይቺ የስምንት ቀን ናት። ዳለቻ፣ ስንት ነው?»

«ስምንት ቀን» አለ ዳለቻ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ዘጠነኛው በዓል ነው።»

«ስምንት ሄክታር ብትሆን እኮ ወር ከሁለት ቀን በፈጀብን ነበር! አንገቴ ይሄኔ ይናገር ነበር።» ቦራ ወደ ዝግባው ዞረ። «አንተ ቆመህ የምትውል ፍጡር ነህ፤ አልፈርድብህም። ግን ያልሄድክበትን አትለካ።»

ዝግባው መነጽሩን አወለቀ። በቅጠሉ ጠረገው። መልሶ አደረገው። «ታዲያ ስንት ቤተሰብ ትይዛለች?»

«አራት። ያውም ተጨናንቀው።»

ጃርቶቹ ተያዩ። «ኤዲያ!» አለ ቆቡን ያወለቀው። «ለአራት ቤት ተብሎማ ሰው ይታረሳል እንዴ? ነውር አይደለም?» ምንጣፋቸውን አንስተው ሄዱና ከወንዙ ድንጋይ ኋላ ተሰለፉ። ማለፊያዋ ላይ ታናሽየዋ ጃርት «አይዞሽ እትዬ» አለችኝ። እሾኋ እንዳይነካኝ ወደ ጎን ብላ አለፈች።

እግሬን ሳብ ሳደርገው ወጣ። ግቢው ግቢ አልነበረም፤ መላጣው ነበር። ያኔ፣ ከመልበሱ በፊት። ድንጋይና ቀይ አፈር ብቻ። ሽቅብ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ በእርምጃ ይለካል። ባርኔጣውን አወቅኩት።

ቀረብኩ። «ይትባረክ» አልኩት።

«አታሳስቺኝ፣ እየቆጠርኩ ነው» አለ፣ ሳይዞር። ሁልጊዜ እንደሚለው።

እንደ ሁልጊዜው ከኋላው ቆሜ ጠበቅኩ። ስድስት አለ። ሰባት አለ። ስምንት ብሎ ደብተሩን ለመጻፍ ሲያወጣ፣ «ስምንት ምን?» ልለው አፌን ከፈትኩ። ቦራ በሙሉ ጉሮሮው አገሳ።

ነቃሁ። የጎረቤት በሬ ነበር፤ ወደ ገበያ ሊወስዱት ከግቢ አልወጣም ብሎ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መብራት ጠፍቷል። ጣሪያውን እያየሁ ትንሽ ተኛሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ጥማድ ይባላል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። ይህን የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያደግኩት ከተማ ነው፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ሌሎቹን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቁራሾች አምና በጂፒኤስ እንደገና ለክተናቸዋል። የአርባ አንድ ወሰን ግን ካርታው ላይ እስከ ዛሬ በነጠብጣብ ነው። «የይትባረክ ማስታወሻ አለ፤ እሱ አይሳሳትም፤ ማንም መውጣት የለበትም» ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩንም ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ስምንት። ከጎኑ ባዶ ነበር፤ እኔ ሄክታር አልኩት። በእጃችን አንቆልፍም እያልኩ ሳስተምር አንዱን ከመጀመሪያው ቆልፌው ኖሯል።

ሕልም ግን ማስረጃ አይሆንም። ስልክ አነሣሁ። አያ ሙጬ ያኔ ከይትባረክ ጋር ጉድጓድ የቆፈሩ፣ አሁንም ኮረብታው ሥር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ሃሎ! ማነው?» ስልክ ሲያነሡ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ነው የሚጮኹት።

«ውባንቺ ነኝ፣ አያ ሙጬ። እንደምን አደሩ?»

«የይትባረክ ሚስት! እግዜር ይመስገን። ምነው በማለዳ፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው። መላጣው ስንት ነው?»

«ዕድሜው?»

«ስፋቱ።»

«ስምንት ነዋ።»

«ስምንት ምን?»

ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል። «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ? ስምንት ጥማድ ነዋ! ስምንት እንቁላል ልልሽ ኖሯል?»

«ሄክታር አይደለም?»

«ሄክታር የመንግሥት ነው። እኔና ወንድሜ ያረስነው በጥማድ ነው። በስምንት ቀን ነበር የምንጨርሰው።» ከዚያ ሳቁ። «ለሱም ነግሬዋለሁ እኮ። ‹ጥማድ ብለህ ጻፍበት እንጂ፣ ባዶውን አትተወው› ብዬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ሳቀብኝ። ‹ይህን ደብተር ከሚስቴ በቀር የሚያነበው የለም፤ እሷ ታውቀዋለች› አለኝ።»

አመሰገንኳቸው። አላወቅኩትም ብዬ አልነገርኳቸውም።

«መቼ ነው ብቅ የምትዪው?» አሉ። «ወይራው እኮ ከቤቴ በላይ ሆነ።»

«በዚህ ሳምንት እመጣለሁ። በደንብ መለካት አለበት።»

«ያለ በሬ?»

«ያለ በሬ።»

«እንግዲህ ትሞክሪዋለሽ» አሉና ሳይሰናበቱ ዘጉት። እንደ ልማዳቸው።

ስምንቱን አጥፍቼ ሁለት ጻፍኩ። የኮምፒውተሩ ባትሪ አሥራ ዘጠኝ በመቶ ነበር፤ ስሌቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ቁጭ ብዬ ከማፍጠጥ ብዬ በኮረብታው በኩል ያለውን መጋረጃ ከፈትኩት። ከከፈትኩት ቆይቷል፤ አቧራው አስነጠሰኝ። መላጣው እዚያው ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ጉም ይዞ።

መልሱ መጣ። አርባ አንድ፦ ደን ሆኖ ይቆይ። ሁለት ሄክታር አርሶ ለአራት ቤተሰብ ለመስጠት ሲባል ከሥሩ ያለውን ምንጭ ማጣት ለኮምፒውተሩም አልተዋጠለትም። ልመና አልነበረበትም፤ አንዲት መስመርም አልጻፍኩም። እፎይ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ።

ለአሥራ ስድስቱ ቤተሰቦች ሌላ ቦታ ተገኝቶ ነበር፤ ቁጥር ሰባት። ስምንት ሄክታር፣ በጂፒኤስ የተለካ፣ ለጥ ያለ ሜዳ። እስከ ትናንት ኮረብታው በአፈር ስለሚበልጠው ዓይን ውስጥ አልገባም። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ካርታውን ሳየው ሳቄ መጣ።

ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ምትኩ ቢሮ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ክራቫታቸውን ነው፤ ደኅና ነበር። ገጾቹን ገልጠው ገልጠው መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«አርባ አንድ ተረፈ» አሉ። «ደግ ነው። ደስ ይበልሽ ወይዘሮ ውባንቺ።» ቀጥለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ። «ሰባት የት ነው?»

«በመስኮቱ ይመልከቱ።»

ተነሥተው አዩ። ከመስኮቱ ሥር ያለው የመሥሪያ ቤታችን የሠርቶ ማሳያ ግቢ ነው። ከታጠረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ያሳየው ታፔላውን ብቻ ነው። አቶ ምትኩ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ እንኳን…» አሉ በመጨረሻ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «መጀመሪያ ጥናት ይጠና።»

በአጥሩ ቀዳዳ የገባች አንዲት ፍየል ታፔላው ሥር ቆማ ታኝካለች።

«ተጠንቷል» አልኳቸው።